ለጊታር ፍሬትቦርድ የትኛው እንጨት ይሻላል? የሮዝውድ፣ የሜፕል፣ የዞጲና የተተኪዎቻቸው ግምገማ

ጊታር ለመግዛት የሚያማርጥ ሰው ስለ ፍሬትቦርድ እንጨት ሲጠይቅ በአብዛኛው የሚያገኘው መልስ ስለ ድምፅ ነው። ሮዝውድ ሞቅ ያለና ለስላሳ፣ ሜፕል ብሩህና ጥርት ያለ፣ ዞጲ ወይም ኢቦኒ ደግሞ ፈጥኖ የሚወጣ ድምፅ ይሰጣል ይባላል። አባባሉ ለረጅም ዘመን ሲደጋገም በመኖሩ እንደ ሕግ የሚቆጥሩት ብዙዎች ናቸው። በእኔ ግምት ግን የፍሬትቦርድ እንጨት በቅድሚያ ሊመዘን የሚገባው በጣት ሥር በሚሰጠው ስሜት፣ ቶሎ ባለመበላቱ፣ የአየሩ እርጥበት ሲለዋወጥ ቅርጹን በመጠበቁና በሚጠይቀው እንክብካቤ ነው፤ ድምፅ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። ከታች የቀረበው ግምገማም የተመሠረተው በዚሁ ቅደም ተከተል ላይ ነው።

ፍሬትቦርድ በጊታሩ አንገት ፊት ላይ በኮላ የሚለጠፍ፣ ብዙውን ጊዜ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ እንጨት ነው። በላዩ ላይ ቀጫጭን መስመሮች በመጋዝ ይከፈቱና የብረት ፍሬቶቹ በእነዚያ ውስጥ ይመታሉ። ተጫዋቹ ክሩን ሲጫን የክሩን ርዝመት የሚወስነው ፍሬቱ እንጂ እንጨቱ አይደለም፤ ክሩ ሲርገበገብም የሚያርፈው በብረት ላይ ነው። እንጨቱ በድምፁ ላይ ያለው ድርሻ በተዘዋዋሪ የሚመጣ ሲሆን፣ ከአንገቱ ጋር ተጣምሮ የአንገቱን ግትርነትና ክብደት ስለሚለውጥ የትኛው የድምፅ ክፍል ቶሎ እንደሚዋጥና የትኛው እንደሚቆይ በመጠኑ ይወስናል። ይህ ድርሻ ዜሮ ነው ማለት አይቻልም፤ ይሁን እንጂ በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ፒካፑን፣ ማለትም የክሩን ርግብግቢት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ክፍል፣ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍና ዝቅ ማድረግ ወይም አሮጌ ክርን በአዲስ መተካት ከእርሱ እጅግ የሚልቅ ለውጥ ያመጣል።

በ2018 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ሊጠቀስ ይገባዋል። በጀርባና በጎን እንጨታቸው ብቻ የሚለያዩ 6 አኩስቲክ ጊታሮች ተሠርተው 52 ተጫዋቾች እንጨቱን ለይተው እንዳያዩ ተደርገው ሞከሯቸው፤ ውድ በሚባሉትና በርካሾቹ እንጨቶች መካከል በተጫዋቾቹ ፍርድ ይህ ነው የሚባል የጥራት ልዩነት አልተገኘም። ጥናቱ ስለ ፍሬትቦርድ የተካሄደ አይደለም፤ ነገር ግን የአኩስቲክ ጊታር ጀርባ የሚያህል ሰፊ እንጨት ይህን ያህል ትንሽ ልዩነት ካመጣ፣ ከጠባቧ ፍሬትቦርድ ተአምር የሚጠብቅ ሰው ጥርጣሬ ሊያድርበት ይገባል።

ከሁሉም አስቀድሞ ሮዝውድን የማነሣው በገበያ ላይ ለብዙ ዘመን ዋነኛው ምርጫ ሆኖ ስለቆየ ነው። ዛሬ ሮዝውድ ሲባል በአብዛኛው የሚቀርበው የህንዱ ዝርያ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ዳልበርጂያ ላቲፎሊያ የሚባለው ነው። በተፈጥሮው ቅባት ያለው በመሆኑ ቫርኒሽ ሳይነካው እንዲሁ ይተዋል፤ ስለዚህ ጣት የሚያገኘው ራሱን እንጨቱን ነው። ቀለሙ ከቡና ዓይነት እስከ ሐምራዊ የሚያደላ ጥቁረት ይደርሳል። በቅርብ ሲያዩት ገጹ ክፍት በሆኑ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ወደ እንጨቱ ርዝመት የተሳቡ አጫጭር ጭረቶች ይመስላሉ። ይህ አሠራር ላብ ያለው ጣት ገጹ ላይ እንዳይጣበቅ ይረዳል፤ ክር ወደ ጎን በሚሳብበት ጊዜም ጣት የሚተማመንበት ትንሽ ሻካራነት ይሰጣል። ጉዳቱም ከዚያው ይመነጫል፤ የጣት ወዝና የሞተ ቆዳ በቀዳዳዎቹ ውስጥና በፍሬቶቹ ሥር ስለሚጠራቀም፣ ሳይጸዳ የቆየ ሮዝውድ በየፍሬቱ ጥግ ላይ ግራጫ የሆነ እድፍ ይይዛል።

አዘውትሮ የተጫወቱበትን አሮጌ የሮዝውድ ፍሬትቦርድ አዘንብሎ በብርሃን ፊት ማየት ስለ እንጨቱ ጠባይ ብዙ ያስተምራል። ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ፍሬት ባለው ክፍል፣ በተለይ በቀጫጭኖቹ ክሮች ሥር፣ ጎድጎድ ያሉ ትናንሽ ቦታዎች ይታያሉ። የተለመዱት ክፍት ኮርዶች የሚያዙት እዚያ ስለሆነ ጣትና ጥፍር እንጨቱን ቀስ በቀስ ይበሉታል። ጉድጓዶቹ ከፍሬቱ ከፍታ በታች ያሉ በመሆናቸው አጨዋወቱን እምብዛም አያውኩም፤ ፍሬቶቹ በሚቀየሩበት ጊዜ ግን ባለሙያው ገጹን እንደገና ማስተካከል ይኖርበታል።

የብራዚሉ ሮዝውድ፣ ዳልበርጂያ ኒግራ፣ የተለየ ዝና አለው። በቀለሙ የተዋበ፣ ክብደቱም ከህንዱ በመጠኑ የሚበልጥ ነው። ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው ሳይተስ የተባለው ስምምነት በ1992 ጥብቁ በሆነው በመጀመሪያው መዝገብ ስላሰፈረው፣ አዲስ የተቆረጠ እንጨት ለንግድ ድንበር ሊሻገር አይችልም። በእኔ አስተያየት ለብራዚሉ ሮዝውድ የሚከፈለው ትርፍ ገንዘብ ለታሪክና ለውበት የሚከፈል ነው፤ በጣት ሥር ከጥሩ የህንድ ሮዝውድ ለይቶ ለማወቅ ከባድ ነው።

ሜፕል ፈጽሞ የተለየ ጠባይ ያለው እንጨት ነው። ፈካ ያለ ቀለም፣ ጥብቅና የተደፈኑ ቀዳዳዎች ያሉት ሲሆን፣ እድፍ በቀላሉ ስለሚይዘው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በላከር ወይም በቫርኒሽ ይሸፈናል። ፌንደር የተባለው የአሜሪካ ጊታር ሠሪ በ1950 ባወጣቸው የመጀመሪያዎቹ ኤሌክትሪክ ጊታሮቹ ላይ የተለየ ፍሬትቦርድ ጭራሽ አልነበረም፤ አንገቱ ከአንድ ወጥ ሜፕል ተቀርጾ ፍሬቶቹ በቀጥታ በእርሱ ላይ ይመቱ ነበር። አንገቱን የሚያቃናው የብረት ዘንግ ከኋላ በኩል ስለሚገባ፣ ክፍተቱ በዎልነት እንጨት ይደፈናል፤ በእነዚህ አንገቶች ጀርባ ላይ የሚታየው ጠቆር ያለ መስመር ይኸው ነው። በ1954 የወጣው ስትራቶካስተርም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነበር። ኩባንያው በ1958 ጃዝማስተር የተባለውን ሞዴል በሮዝውድ ፍሬትቦርድ ካቀረበ በኋላ በ1959 ቴሌካስተር የተባለውንና ስትራቶካስተርንም ወደዚያው አዞራቸው። ለለውጡ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የሜፕሉ ላከር በጨዋታ ብዛት ተበልቶ እንጨቱ መጥቆሩና የቆሸሸ መስሎ መታየቱ ነው።

ስለዚህ ሜፕልን የሚገመግም ሰው በእውነቱ የሚገመግመው ሁለት ነገር ነው፤ እንጨቱንና በላዩ ያለውን ሽፋን። ወፍራም አብረቅራቂ ሽፋን ያለው ሜፕል ጣትን የሚያንሸራትት፣ እጅ ሲያልበው ደግሞ የሚይዝ ገጽ አለው፤ አንዳንዱ ተጫዋች ይህን ይወደዋል፣ ሌላው አንድ ቀን እንኳ አይታገሠውም። ስስና ያልተወለወለ ሽፋን ያለው ከዚህ የተሻለ ስምሙነት አለው፤ የእኔም ምርጫ እርሱ ነው። የጽዳቱ ነገር ቀላል ነው፤ በደረቅ ወይም በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ዘይት አይቀባም፤ በላከር የተሸፈነ እንጨት ዘይቱን አይመጥምና። ፍሬት በሚቀየርበት ጊዜ ግን ሜፕል ወጪ ያበዛል፤ ገጹ መላግ ካስፈለገው ሽፋኑ ተነሥቶ እንደገና መቀባት አለበት፤ ይህም ለሮዝውድ የማያስፈልግ ተጨማሪ ሥራ ነው።

የጥንካሬ ነገር ከተነሣ አይቀር ቁጥሮቹን ማየት ይጠቅማል። ጃንካ በተባለው መለኪያ 11.28 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት የብረት ኳስ እስከ ግማሿ ድረስ በእንጨቱ ውስጥ እንድትገባ የሚያስፈልገው ጉልበት ይለካል። ጠንካራው ሜፕል 6,400 ኒውተን ገደማ፣ ከሮዝውድ ተተኪዎች አንዱ የሆነው ፓው ፌሮ 8,700 ገደማ፣ የህንድ ሮዝውድ 10,900 ገደማ፣ የመካከለኛው አፍሪካ ዞጲ ደግሞ 13,700 ገደማ ይደርሳሉ። ብሩህና ጠንካራ ድምፅ አለው የሚባለው ሜፕል ከአራቱ ለስላሳው መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውለውም። በተግባር ቶሎ የማይበላው ሽፋኑ ስለሚከላከልለት ነው፤ ሽፋኑ ካለቀ በኋላ ግን እንጨቱ በፍጥነት ይጎዳል።

በቅርብ ዓመታት እየበዛ የመጣው የተቆላ ሜፕል ለዚህ እንጨት አዲስ ሕይወት ሰጥቶታል። እንጨቱ ኦክስጅን በተቀነሰበት ምድጃ ውስጥ ከፍ ባለ ሙቀት ሲበስል እርጥበቱ ይወጣል፣ በውስጡ ያሉት ስኳሮችና ሙጫዎችም ይለወጣሉ፤ ቀለሙም እስከ ውስጡ ድረስ ወደ ማር ወይም ወደ ቡና ያዘነብላል። ዋናው ጥቅሙ ከዚያ በኋላ ከአየር እርጥበት የሚመጥመው መጠን ማነሱ ነው፤ በዝናብ ወራት የሚያብጥ፣ በደረቅ ወራት የሚኮማተር አንገት ያስቸገረው ሰው ልዩነቱን በግልጽ ያየዋል። ብዙ ሠሪዎች በስስ ዘይትና ሰም ብቻ ስለሚጨርሱት በእጅ ላይ ሲይዙት እንደ እርቃን እንጨት ይሰማል። በአንጻሩ ሲቆላ ትንሽ ተሰባሪነት ስለሚጨምር፣ ፍሬት የሚቀይር ባለሙያ አሮጌውን ፍሬት ሲነቅል ጠርዙ እንዳይፈረፈር መጠንቀቅ አለበት። የአየር ጠባይ በሚለዋወጥበት ቦታ ለሚጫወትና ጊታሩን ይዞ ለሚዘዋወር ሰው ከሁሉም አስቀድሜ የምመክረው ይህን ነው።

ዞጲ በታሪክ የከበረ እንጨት ነው። የቫዮሊንና የቼሎ የጣት ሰሌዳዎች በልማድ ከእርሱ ይሠራሉ፤ ደረጃቸው ከፍ ያለ ክላሲካል ጊታሮችም እንዲሁ። ሌላው የአሜሪካ ጊታር ሠሪ ጊብሰን በ1954 ሌስ ፖል ከስተም የተባለውን ጊታር ሲያወጣ የመረጠውም ዞጲን ነው። እጅግ ጥብቅ ከመሆኑ የተነሣ ቀዳዳዎቹ በዓይን እምብዛም አይታዩም፤ በጥሩ ሁኔታ ተልጎ የተወለወለ ዞጲ ያለ ምንም ቫርኒሽ እንደ ድንጋይ የሚያንጸባርቅና ለጣት ቀዝቀዝ የሚል ገጽ አለው። ክር ለመሳብም ሆነ ድምፁን በጣት ለማርገብገብ (ለቫይብራቶ) ከዚህ የሚሻል ገጽ አላገኘሁም። ሜትር ኩብ ዞጲ 955 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን ከሜፕል 705 እና ከህንድ ሮዝውድ 830 ጋር ሲነጻጸር ከባድ ነው፤ በቀጭን አንገት ላይ ግትርነት ይጨምራል።

ድክመቱ በድርቀት ጊዜ ይታያል። ዞጲ በሚገባ ሳይደርቅ ከተሠራበት በኋላ ይኮማተራል፤ ያን ጊዜ ፍሬቶቹ በነበሩበት ሲቀሩ ጫፎቻቸው ከአንገቱ ጠርዝ ወጣ ብለው እጅን ይቧጥጣሉ፣ አንዳንዴም በፍሬቶቹ መስመር ወይም በጫፉ በኩል ስንጥቅ ይፈጠራል። በእጄ ከያዝኳቸው ጊታሮች መካከል ዋጋው ከፍ ያለ፣ ገጹ እንከን የማይወጣለት፣ ጠርዙ ግን እንደ መጋዝ ጥርስ የሚከረክር የዞጲ አንገት ነበረበት፤ ጥፋቱም የእንጨቱ ሳይሆን ለመድረቅ በቂ ጊዜ ያልሰጠው ሠሪ ነው። በአንጻራዊ እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ባለ ክፍል ማኖር ለማንኛውም ጊታር የሚመከር ቢሆንም፣ ዞጲ ከሌሎቹ ይልቅ አጥብቆ ይፈልገዋል።

የዞጲን ቀለም በሚመለከት ገዢው ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ አለ። ቴይለር የተባለው ጊታር ሠሪ ማዲንተር ከተባለ የስፔን እንጨት ነጋዴ ጋር ሆኖ በ2011 በካሜሩን ያውንዴ የሚገኘውን ክሬሊካም የተባለ የእንጨት ፋብሪካ ገዛ። ያን ጊዜ ይፋ የሆነው ነገር አሳሳቢ ነበር፤ ዛፉ ከመቆረጡ በፊት ውስጡ ወጥ ጥቁር ይሁን ወይም ነጣ ያለ ሰንበር ያለበት ለይቶ ማወቅ ስለማይቻል፣ ገበያው የሚፈልገው ጥቁሩን ብቻ በመሆኑ ቆራጮች ሰንበር ያለባቸውን ግንዶች ጫካ ውስጥ ጥለዋቸው ይሄዱ ነበር። ኩባንያው ከዚያ ወዲህ ሰንበር ያለበትንም ዞጲ ውድ በሆኑ ጊታሮቹ ላይ ሳይቀር መጠቀም ጀመረ። በጥንካሬም ሆነ በድምፅ ከጥቁሩ የሚያንስበት ነገር የለም፤ ቡናማ ወይም ግራጫ መስመር ያለበትን ዞጲ ሁለተኛ ደረጃ አድርጎ የሚሸጥ ነጋዴ ካለ ገዢው ዕድለኛ ነው።

ፓው ፌሮ ብዙ የተወቀሰው በራሱ ጥፋት አይደለም። ሳይተስ ከጥር 2017 መጀመሪያ ጀምሮ ሮዝውድ የሚመደብበትን የዳልበርጂያ ወገን በሙሉ በሁለተኛው መዝገብ ሲያስገባ፣ ሮዝውድ ያለበት ጊታር ሁሉ ለንግድ ድንበር ሲሻገር ፈቃድ እንዲኖረው ግድ ሆነ። ፌንደር በዚያው ዓመት በሜክሲኮ በሚሠራቸው ብዙ ሞዴሎች ላይ ሮዝውድን በፓው ፌሮ ተካ፤ ገዢዎችም ርካሽ ነገር የተሰጣቸው መስሏቸው አጉረመረሙ። እንጨቱ ግን ለብሉዝ ጊታር ተጫዋቹ ለስቲቪ ሬይ ቮን መታሰቢያ በተሰየመው ስትራቶካስተር ላይ ቀድሞም ያገለገለ ነው። ከሮዝውድ ፈካ ያለና ወደ ቀይ ቡናማ የሚያደላ ቀለም፣ ጠበብ ያሉ ቀዳዳዎች፣ ለስለስ ያለ ገጽ አለው፤ በስሜቱ በሮዝውድና በዞጲ መካከል ይቀመጣል። ያለበት እንከን ቀለሙ ከአንዱ ጊታር ወደ ሌላው በጣም መለያየቱ ነው፤ ስለዚህ በፎቶ አይቶ ከማዘዝ ራሱን ጊታሩን ማየት ይሻላል። ትቢያው ቆዳን የሚቆጣ በመሆኑ በብርጭቆ ወረቀት የሚያለሰልሰው ሰው አፍንጫውንና እጁን ይሸፍን።

በኅዳር 2019 መጨረሻ ያለቀላቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች ከዚያ የፈቃድ ግዴታ ነፃ ስለተደረጉ ሮዝውድ ወደ ብዙ ሞዴሎች ተመልሷል፤ የብራዚሉ ዝርያ ግን አሁንም ከዚህ ነፃነት ውጭ ነው። በመሆኑም ያገለገለ የብራዚል ሮዝውድ ጊታር ገዝቶ ድንበር ለማሻገር የሚያስብ ሰው፣ የእንጨቱን ዕድሜና ሕጋዊነት የሚያረጋግጥ ወረቀት ሳይይዝ ገንዘቡን ባይከፍል ይበጀዋል። የሕጉ ነገር ቀልድ አለመሆኑን ጊብሰን በነሐሴ 2011 በናሽቪልና በሜምፊስ የሚገኙ ሥፍራዎቹ በአሜሪካ ፌዴራል መርማሪዎች ሲፈተሹ አይቶታል፤ ጉዳዩ ከማዳጋስካርና ከህንድ ከመጣ የፍሬትቦርድ እንጨት ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በ2012 በስምምነት ሲዘጋ ኩባንያው 300,000 ዶላር ቅጣት ከፍሏል።

ከዚያ ወዲህ ጊብሰን ሪችላይት የተባለውን ነገር በሌስ ፖል ከስተም ላይ ጭምር ተጠቅሟል፤ ማርቲን የተባለው ጊታር ሠሪም በዝቅተኛ ዋጋ በሚሸጣቸው ጊታሮቹ ላይ ተጠቅሞበታል። ሪችላይት በሙጫ ተነክሮ በሙቀትና በግፊት የተጋገረ ወረቀት ነው። ወጥ ጥቁር፣ ጥብቅ፣ ለእርጥበት ደንታ የሌለውና ዘይት የማይጠይቅ በመሆኑ በተግባር የሚነቀፍበት ነገር ጥቂት ነው። ውድ ጊታር የገዛ ሰው እንጨት ጠብቆ ወረቀት ሲያገኝ ቢከፋው አልፈርድበትም፤ በመካከለኛ ዋጋ ላይ ግን ካልደረቀ ዞጲ ይልቅ ሪችላይትን ያለማመንታት እመርጣለሁ። ላውረል የተባለው የህንድ እንጨትም በርካሽ ጊታሮች ላይ የሮዝውድን ቦታ ይዟል፤ ገጹ ሻከር፣ መልኩም ደረቅ ያለ ነው፣ ሥራውን ግን ይሠራል።

የማልመክረው አንድ ነገር ቢኖር ዞጲ እንዲመስል በጥቁር ቀለም የተነከረ ፈዛዛ እንጨት ነው። መለየቱ ቀላል ነው፤ በትንሽ ዘይት የረጠበ ነጭ ጨርቅ ከመጨረሻዎቹ ፍሬቶች አጠገብ ሲታሽ ጥቁር ቀለም ይዞ ይመጣል። እድፍም ጨርቅን ስለሚያጠቁር፣ አስቀድሞ ገጹን አጽድቶ እንደገና መሞከር ያስፈልጋል። በጎን በኩል የፍሬት መስመሮቹ ጫፍ ላይ ፈካ ያለ እንጨት ብቅ ካለም ቀለሙ ላይ ላዩን ብቻ መሆኑ ይታወቃል።

ፍሬት የሌለው ቤዝ ጊታር ከዚህ ሁሉ ፍርድ ውጭ ይቆማል። እዚያ ክሩ የሚያርፈው በቀጥታ በእንጨቱ ላይ ስለሆነ የእንጨቱ ጥንካሬ በድምፁ ውስጥ በግልጽ ይሰማል፤ ጥቅልል የብረት ክርም ለስላሳውን እንጨት እንደ ሞረድ ይበላዋል። የቤዝ ተጫዋቹ ጃኮ ፓስቶሪየስ ፍሬቶቹን ባወለቀለት የፌንደር ጃዝ ቤዝ ሮዝውድ ላይ ለጀልባ የሚሠራ ኢፖክሲ የተባለ ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ የቀባው ለዚህ ነበር። ለእንዲህ ያለው መሣሪያ ዞጲ ወይም በኢፖክሲ የተሸፈነ እንጨት ያስፈልጋል፤ እርቃን ሮዝውድ የሚሻለው ለስላሳ ገጽ ያላቸው ጠፍጣፋ ክሮች ለሚጠቀም ሰው ነው።

ለቀረው ተጫዋች ሁሉ ምርጫው ከገንዘቡና ከልማዱ ጋር የሚሄድ ነው። አንድ ጊታር ብቻ ለሚኖረው ሰው የህንድ ሮዝውድ ወይም ፓው ፌሮ አያሳፍርም፤ ክር አብዝቶ ለሚስብና የክፍሉን እርጥበት ለሚቆጣጠር ሰው ዞጲ፣ ለመንገደኛ የተቆላ ሜፕል ይስማማል። ሮዝውድ፣ ፓው ፌሮና ዞጲ ገጻቸው ደርቆ ሲገረጣ ጥቂት ጠብታ የማዕድን ዘይት በጨርቅ ተቀብቶላቸው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ትርፉ ሊጠረግ ይገባል፤ በዓመት ከአንድና ከሁለት ጊዜ በላይ ማድረግ አያስፈልግም። ከመግዛት በፊት አውራ ጣትን በአንገቱ ሁለት ጠርዞች ላይ ከላይ እስከ ታች ማስኬድ፣ ክሮቹ በአንገቱ ራስ በኩል ከሚያርፉበት ቁራጭ (ከነቱ) አጠገብ በዓይን ወደ ታች ማየትና በፍሬቶቹ ሥር በእንጨቱና በብረቱ መካከል ክፍተት አለመኖሩን መመርመር የእንጨቱን ስም ከመጠየቅ ይቀድማል።